ሹሩባ ከማጅራቱ ይዳኛል

ለበዓል የተሠራ ሹሩባ ከፊት ሲያዩት የማያምር የለም። ግንባር አካባቢ የሠሪዋ እጅ ገና አልደከመም፤ መስተዋት ቀድሞ የሚያየውም እሱን ስለሆነ ትጠነቀቅበታለች። ሥራ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ልጅቱን "እስኪ ዞር በይ" ይላታል። ማጅራት ላይ የደረሰው መስመር ቀጥ ብሎ ከመጣ፣ ጉንጉኑም አናት ላይ የነበረውን ውፍረት ይዞ ከወረደ ሠሪዋ ባለሙያ ናት። ከጆሮ ጀርባ ሲደርስ መስመሩ ከተጣመመ፣ ወይም ሁለት የነበረውን ጉንጉን በችኮላ አንድ ላይ ካጠቃለለችው፣ የቀረውን ባታዩት ይሻላል።

ደብረ ማርቆስ ዋናው መንገድ ላይ የውበት ሳሎን ሞልቷል። ካስኩ፣ ፔስትራው፣ ዊጉ የአዲስ አበባው ነው፤ ከተማው ከመዲናዋ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅም ፋሽን አውቶቡስ አይጠብቅም። ቢሆንም ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ፣ ከሉማሜ እስከ ደምበጫ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ትልቁ ፀጉር ቤት ዛሬም ግቢው ነው። ሠሪዋ መደብ ላይ ትቀመጣለች፣ ተሠሪዋ ከእግሯ ሥር አጎዛ ላይ፤ አንገቷ ሲደክማት ራሷን ሠሪዋ ጉልበት ላይ ጣል ታደርጋለች። ቡናው ይፈላል፣ ወሬው ይቀጥላል። ገንዘብ እምብዛም አይከፈልበትም። ስለማይከፈልበትም ሥራው ሲበላሽ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ "እጅሽን አይቁረጠው" ተብሎ ይታለፋል። ምርቃቱ ይሁን፤ ዓይን ግን ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አለበት።

መጀመሪያ መስመሩን እዩ። ደህና መስመር የሚወጣው በማበጠሪያ ሳይሆን በወስፌ ነው፤ ያው ስፌት የሚሰፋበት ወስፌ። ለፀጉር የሚሻለው ብዙ ሰፍቶ ጫፉ ለስለስ ያለው ነው፣ አዲሱ ቆዳ ይጭራል። በደንብ በወጣ መስመር ላይ የራስ ቆዳው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከአንዱ ጉንጉን ወደ ሌላው የሚሻገር አንዲት ፀጉር አይኖርም። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተሻጋሪዋ ፀጉር ከሁለት ወገን ትሳባለች፤ ሌሊት ትራስ ላይ የሚያሳክከውና የሚወጋው እሷ ናት።

ቀጥሎ አያያዙን። ሠሪዋ እየጎነጎነች ስትወርድ በየእርምጃው ከሥር ጥቂት ፀጉር ታነሣለች። የምታነሣው መጠን እኩል ከሆነ ጉንጉኑ ከግንባር እስከ ማጅራት አንድ ወጥ ይሆናል፤ አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ካነሣች ጣት ሲያልፍበት እብጥ ጎድጎድ ይላል። ዓይን የሚያታልልበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ቅቤ ከተቀባ በኋላ። ስለዚህ ጣታችሁን አሳልፉበት።

ደቃቅ ሹሩባ ከዘርዛራው ይበልጣል የሚለውን ነገር አልቀበልም። ደቃቁ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ይከበራል፤ እሺ። ነገር ግን ፀጉሯ የሳሳ ሴት ላይ ደቃቅ መሥራት እያንዳንዷን ጥቂት ፀጉር ብቻዋን ሸክም ማሸከም ነው። ባለሙያ ፀጉሩን ዳስሳ ውፍረቱን ትወስናለች። የጎረቤትን ሹሩባ አይታ የምትገለብጠው ግን ገና ተማሪ ናት።

ዋናው ፈተና ጥብቀቱ ነው። ጎዛምን ውስጥ ያየኋቸው አንዲት ሠሪ ፊት አንዲት የሙሽራ ሚዜ ተቀምጣ "እማማ፣ እስከ መልሱ እንዲቆይልኝ ጠበቅ ያድርጉት" አለቻቸው። እሳቸው መልስ አልሰጡም፤ ሦስት ጉንጉን ከጨረሱ በኋላ "ቅንድብሽን አንሺው እስኪ" አሏት። አነሣችው። "ሳቂ" አሏት፤ ሳቀች። "በይ ይበቃል፤ ፀጉርሽ ከጠበቀ ፊትሽ አይስቅም ልጄ።" ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም። ቅንድብ ሲነሣ ጆሮ ግንድ አካባቢ ከቆነጠጠ፣ በማግስቱም ከፀጉሩ ድንበር ላይ ትንንሽ ብጉር መሰል እብጠት ከወጣ፣ ሥራው ጠብቋል። ሐኪሞችም ይህን ያውቁታል፤ በየጊዜው ከሥሩ የሚሳብ ፀጉር መጀመሪያ ከጆሮ ግንድና ከግንባር ዳር ይሳሳል፣ ነገሩ ለዓመታት ከቀጠለ ደግሞ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ተመልሶ አይበቅልም። ግንባራቸው ወደ ኋላ ከሸሸ እናቶች አንዳንዶቹን ዕድሜ ሳይሆን ጥብቅ ጉንጉን ነው የጎዳቸው። የሹሩባ ዕድሜ የሚገኘው ከእኩልነቱ እንጂ ከጥብቀቱ አይደለም።

ማጅራት ላይ ጉንጉኑ ተቋጥሮ ፀጉሩ የሚለቀቅበት ቦታም ይታያል። የሰሜኑ ሹሩባ ማማሩ እዚያ ነው፤ ከላይ ተጠምዶ የመጣው ፀጉር አንገት ላይ ሲደርስ ይበተናል። የተለቀቀበት ድንበር ከጆሮ እስከ ጆሮ አንድ ደረጃ ላይ ከሆነ ሠሪዋን አመስግኑ።

ሹሩባ የሴት ብቻ ሆኖ የቀረው ደግሞ ኋላ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባ የሣለ ሠዓሊ ማግኘት ያስቸግራል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ነበር፤ ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። የልጆቹም ነገር እንዲሁ ነበር፤ የወንዱ ቁንጮ፣ የልጃገረዲቱ ሳዱላ። ራስ ታይቶ ዕድሜ ይነበብ ነበር፣ ሐዘንም እንዲሁ።

ሹሩባው ሲፈታ ሌላ ዳኝነት ይመጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲፈታ እፍኝ የሚሞላ ፀጉር ይወጣና ሴቶች ይደነግጣሉ፤ በሰው ዓይን የሚያሳብቡም አሉ። ከሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር በተፈጥሮው ይረግፋል። በጉንጉን ውስጥ ታስሮ የቆየው የሁለት ሳምንት ርጋፊ 700፣ አንዳንዴም ከ1,000 በላይ ቢሆን አያስደንቅም። መታየት ያለበት ብዛቱ ሳይሆን ዓይነቱ ነው። አንዷን ፀጉር ጥቁር ጨርቅ ላይ አጋድሟት፤ ጫፏ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ጊዜዋን ጨርሳ የረገፈች ናት። ነጭ ነጥብ የሌላቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ከበዙ ግን ፀጉሩ ተሰብሯል፤ ወይ ሲጎነጎን ደርቆ ነበር፣ ወይ ሲበጠር ከሥር ወደ ጫፍ ተጎትቷል። ማበጠር ከጫፍ ይጀመራል፣ ቀስ እየተባለ ወደ ሥር ይወጣል። ይህን የማታደርግ ሠሪ መስመሯ ቢያምርም አልመርጣትም።

ከሥራው ቀጥሎ ለፀጉር በስጦታ የሚሰጡ ነገሮችም ይዳኛሉ፤ አሁን ወደ ቅቤው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የጮቄ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ደረቅ ነፋስና ጠንካራ ፀሐይ ባለበት አገር ፀጉር ቶሎ ይደርቃል፤ ለዚህ ነው ለጋ ቅቤ አናት ላይ ተደርጎ ፀሐይ እስኪያቀልጠው የሚጠበቀው። ቅቤ ፀጉር ያሳድጋል የሚባለው ግን ከወሬ አያልፍም። ከቆዳ ውጭ ያለ ፀጉር ሕይወት የለውም፣ አይመገብም። ቅቤው የሚሠራው ፀጉሩን ሸፍኖ እርጥበቱ እንዳይወጣ ማገዝና ሲበጠር እንዳይሰበር ማለስለስ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ቅቤ ለስጦታ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይይ። ቀለሙን ከወሩ ጋር ያመሳክር። ከብቱ ለምለም ሣር ሲግጥ፣ በክረምትና በመስከረም፣ ቅቤው ቢጫ ይሆናል፤ ገለባ በሚበላበት በጋ ይነጣል። ስለዚህ በሚያዝያ የነጣ ቅቤ የግድ መጥፎ አይደለም፣ በሚያዝያ ደማቅ ቢጫ ቅቤ ካያችሁ ግን ባለቤቷን ላሟ ምን እንደምትበላ ጠይቋት። ሁለተኛ የሽንብራ ፍሬ ታህል ቆንጥሮ መዳፍ ላይ ይሸው። የላም ቅቤ በሰውነት ሙቀት ይቀልጣልና መዳፍ ላይ ይጠፋል፤ የረጋ የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበት እንደ ሻማ ይለጠፋል፣ ድንች የገባበት ከጣት ሥር ይሻክራል። ሦስተኛ አሬራው መውጣቱን ይመልከት። ሲጫኑት ነጭ ጠብታ የሚያወጣ ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ አልታጠበም፤ በቀሪው አሬራ ምክንያት ቶሎ ይሸታል። ራስ ላይ የሚሸት ቅቤ ነውሩ የቅቤ አይደለም፣ የአጣጠብ ነው።

ከቅቤው ጋር የሚሄደው አደስ ነው። ደርቆ የተወቀጠው ቅጠል ከለጋ ቅቤ ጋር ሲለወስ መዓዛው ለቀናት ይቆያል። ሲገዛ በጣት ፈትጎ ማሽተት ነው፤ የገለባ ሽታ ከቀደመ ከርሟል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ፎረፎር ለሚያስቸግራት ሴት ቅቤ አትስጡ። ፎረፎርን የሚያባብሰው ረቂቅ ፈንገስ ቅባት ይወዳል፣ ነገሩን ታብሱባታላችሁ።

ለፀጉር ከሚሰጡ ነገሮች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ሚዶ ነው፤ ጥሩ ሚዶ። ገበያ ላይ የተደረደረውን በቅርጹ አትምረጡ፣ እጀታው ላይ የተቀረጸው መስቀልም አያታልላችሁ። ወደ ብርሃን አንሡትና የእንጨቱን ጅማት እዩ፤ በጥርሶቹ ርዝመት አቅጣጫ መውረድ አለበት። አግድም ከሄደ ጥርሱ በመጀመሪያው ወፍራም ፀጉር ይሰበራል፣ ወይራ ቢሆን እንኳ። ከዚያ የጥርሶቹን ጫፍ በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አሳልፏቸው፤ ከጫረ የራስ ቆዳንም ይጭራል። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ደግሞ በነጠላ ዘርፍ ሞክሩት። ክር ከያዘ አልተላገም፤ ፀጉርም ይይዛል። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ፤ በራሱ ሥራ የሚተማመን ጠራቢ ሲፈተሽበት ደስ ይለዋል።

ሻሽም መልካም ስጦታ ነው፣ ለስላሳና የማይሻክር ከሆነ፤ ሌሊት ሹሩባውን ከትራስ ግጭት ያድናል። እንሶስላ ለሰርግ ደርሶ ከተገኘ ሥሩ ጠንካራና ያልተጨማደደ ይሁን። የታሸገ ነገር ላይ ብዙ አልልም። ቆዳ ያነጣል የሚል ክሬም ለማንም አትስጡ፤ ከነዚህ ውስጥ ሜርኩሪ የሚገኝባቸው እንዳሉ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካልም የስጦታ ዕቃ አይደለም። ገና ሹሩባ በተፈታበት፣ ወስፌ በጫረው ቆዳ ላይ ከተቀባ ያቃጥላል። ፔስትራ የምትሰጡ ከሆነ ሙቀቱ የሚቀነስና የሚጨመር ይሁን፤ አንድ ሙቀት ብቻ ያለውን ተዉት።

ለእናት፣ ለአክስት፣ ለእትዬ ግን ከዕቃ የሚበልጥ ስጦታ አለ፤ ጎበዟን ሠሪ ቤታቸው ድረስ ማምጣት። ዓይናቸው የደከመ፣ ክንዳቸው ከፍ የማይል ሴቶች ሳሎን አይሄዱም፤ ጎረቤት ለማስቸገርም ያፍራሉ። ለሠሪዋ ደግሞ በእጇ ክፈሏት። "እኛው ለእኛው ነን" እየተባለ ግማሽ ቀን ጉልበቷን የምትሰጥ ሴት የምታገኘው ቡናና ምርቃት ብቻ መሆኑ ልክ አይመስለኝም። ማጅራት ድረስ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጣ እጅ ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ዋጋ አለው።

ለፋሲካ የምታስቡ ካላችሁ ቅቤውን ከሆሳዕና በፊት ግዙ፣ አሬራው እስኪወጣ አሳጥባችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። በሰሙነ ሕማማት ዋጋው ይወጣል፤ ጎበዝ ሠሪም ያን ሳምንት አትገኝምና ቀኑን አስቀድማችሁ ያዙ።