ከዘረ መል በፊት ሚዛን

ሥር የሰደደ የልብ ድካም ካለባቸው ሕሙማን አንዱ ሲመነምን ሌላው ሥጋውን ይዞ የሚቆየው ለምንድን ነው? ልዩነቱን በዘረ መል ለማስረዳት የሚጥሩ ጥናቶች በተለይ ከብግነትና ከጡንቻ መፍረስ ጋር የተያያዙ ዘረ መሎችን ይመረምራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም መመንመኑ በትክክል ካልተለካ የዘረ መሉ ፍለጋ መሠረት የለውም።

በዚህ ረገድ አንከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት ያወጡት ጥናት አርአያ ነው። መለያቸው እብጠት ሳይኖር ቢያንስ በ6 ወር ውስጥ ከ7.5 በመቶ በላይ ክብደት መቀነስ ነበር። ከ171 ሕሙማን 28ቱ በዚህ ተለዩ፤ ከእነርሱም ግማሾቹ በ18 ወር ውስጥ ሞቱ። ይህን ለማወቅ ያስፈለገው ሚዛንና ጥንቃቄ ነው።

መለያው በይፋት ቆላ እንዴት ይሠራል? ከአሊዩ አምባ እግሩ አብጦ የመጣን ሕመምተኛ እናስብ። የከሳውን ሥጋ የተጠራቀመው ውኃ ስለሚተካው ክብደቱ ያልቀነሰ ይመስላል። በፉሮሴማይድ እብጠቱ ሲጎድል አጥንቱ ይታያል፤ ቤተሰቡም መድኃኒቱን ይወቅሳል። በሌላ በኩል ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪና የምግብ እጥረትም ያከሳሉ። እነዚህን ሳይለዩ ዘረ መልን ተጠያቂ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ሊታከም የሚችለውን ሕመም ያስረሳልና።

ስለዚህ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ያለው ክብደት በየቀጠሮው በካርዱ ላይ ይመዝገብ። የነገው የዘረ መል ተመራማሪ የሚያስፈልገው፣ የዛሬው ሕመምተኛም የሚጠቀምበት መረጃ ይኸው ነው።