ራስጌ መቆም

የማህፀን ኦፕራሲዮን ያላቸው ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚቀጠሩት ጎህ ሳይቀድ ነው። በዚያ ሰዓት እዚህ ቨርጂኒያ፣ አናንዴል ጭር ይላል። ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ላይ የኮሪያ ምግብ ቤቶቹ መብራታቸውን አጥፍተዋል፤ የሚተላለፈው ከሌሊት ሥራ የሚመለስና ወደ ጧት ሥራ የሚሄድ ሰው ነው፤ ከመካከላቸው የእኛ አገር ሰው አይጠፋም። እኔም እሄዳለሁ። የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። በዚህ ሙያ መጀመሪያ የተማርኩት የት መቆም እንዳለብኝ ነው።

የምቆመው ራስጌ ነው። ምርመራ ሲደረግ ሐኪሟ ግርጌ ትቀመጣለች፤ እኔ ከታካሚዋ ትከሻ አጠገብ እሆናለሁ፤ ዓይኔን ከፊቷ ወይም ከግድግዳው አላነሳም። መጋረጃ ካለ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ድምፄን ብቻ አሰማለሁ። ይህን ለመልመድ አንድ ሳምንት በቂ ነው። የሚከብደው ቃሉ ነው።

በአማርኛ ገመና የምንለው ነገር ገላን ብቻ አይደለም። የቤት ምስጢር፣ የትዳር ችግር፣ የጠፋ ጽንስ፣ ሰው ያልሰማው ሕመም ሁሉ ገመና ነው። የኦፕራሲዮን ቀን ጧት ነርሷ የምትጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው፦ ስንት ጊዜ አረገዙ፣ ስንቱ ወረደ፣ የወር አበባ መቼ መጣ፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት አለዎት ወይ። ነጠላዋን ገና ያላወለቀች ሴት በ5 ደቂቃ ውስጥ ገመናዋ ሁሉ ይገለጣል፤ የሚገለጠውም በእኔ አንደበት ነው።

ስሙም ራሱ አስቸጋሪ ነው። እዚህ ሐኪም የሴትን ብልት ስም ሲጠራ ክርን ወይም ጉልበት እንደሚል ሰው ነው። እኛ ዘንድ የመንገዱ ቃል ስድብ ነው፤ የመጽሐፉ ቃል «ሀፍረተ ሥጋ» ሲሆን ሀፍረቱን ከነስሙ ይዞ ይመጣል፤ እናቶች «እታች» ይላሉ፣ «ሴትነቴ» ይላሉ፣ አንዳንዴም እጃቸውን ወደ ታች ጠቁመው ዝም ይላሉ። «እታች ያመኛል» ሲባል ማህፀን ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ፊኛም፣ መቀመጫም። እኔ አልገምትም። «እታች» ያለችውን እንዳለች አደርሳለሁ፣ ሐኪሟ ትጠይቅ፣ ታካሚዋ ትለይ። አንዴ ከተለየ በኋላ ታካሚዋ በመረጠችው ቃል እንቀጥላለን። «የማህፀን በር» እና «የማህፀን አፍ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ያግባባሉ፤ «ብልት» የምትል ካለች «ብልት» እላለሁ።

አንድ ጊዜ ግን ቃል አለሳልሼ በድያለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ከማህፀናቸው እጢ ሊወጣላቸው ነው፤ ነርሷ የስምምነት ፎርሙን ታነባለች። ከመስመሮቹ አንዱ እርስዎ በማደንዘዣ ተኝተው ሳለ ተማሪ ሐኪሞች ለትምህርት ሲሉ በብልትዎ በኩል እጃቸውን አስገብተው ማህፀንዎን ሊመረምሩ ይችላሉ ይላል። ምላሴ ተያዘ። እሳቸውን ለማሳፈር አልደፈርኩም። «ተማሪ ሐኪሞችም ይኖራሉ፣ ያግዛሉ» ብዬ አለፍኩት።

«ይማሩ እንጂ ልጄ፣ ምን ከፋኝ» አሉና ፈረሙ። ቀጥለውም «እግዜር ይስጥሽ፣ ገመናዬን በአንቺ ሸፈነልኝ» ብለው መረቁኝ።

መኪና ማቆሚያው ድረስ ወረድኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን መዝጋት አቃተኝ። ተመልሼ ነርሷን «አስተርጓሚዋ ተሳስታለች፣ ማረም ትፈልጋለች» አልኳት። በአሜሪካ የሕክምና አስተርጓሚዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ምስጢር መጠበቅ እንዳለ ሁሉ፣ የተባለውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማድረስም አለ፤ ስህተት ሲፈጠር ደግሞ የሚያርመው የተሳሳተው ራሱ ነው። ወደ አልጋው ተመለስን። ነርሷ መስመሩን ደግማ አነበበች፤ እኔም አንድም ቃል ሳልውጥ ነገርኳቸው።

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ተኝቼ? ሳላውቅ?»

«አዎ፣ ተኝተው።»

«ነቅቼ ዓይኔን እያዩ ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር። ተኝቼስ አይሆንም።»

ነርሷ መስመሩን ሰርዛ እሳቸው በጎኑ ፈረሙ። ማንም አልተቆጣም፣ ኦፕራሲዮኑም አልዘገየም። እኔ ለእሳቸው ብዬ የሸፈንኩት ነገር እሳቸው ራሳቸው ሊሸፍኑት የሚገባ ነበር። እኔ ዝም በማለቴ መብታቸውን ልወስድባቸው ነበር።

ቨርጂኒያ ውስጥ ተማሪዎች በማደንዘዣ የተኛችን ሴት ያለፈቃዷ በዚያ መንገድ እንዳይመረምሩ የሚከለክል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤትም በኤፕሪል 2024 ለሆስፒታሎች ባወጣው መመሪያ ፈቃዱ በግልጽ መጠየቅ እንዳለበት አሳስቧል። ሕጉ አለ። አማርኛ ብቻ የምታውቅ ሴት ጋ የሚደርሰው ግን በአስተርጓሚ አፍ ነው፤ አስተርጓሚዋ ካፈረች ሕጉም አፍሮ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ አስተውያለሁ። ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ ወንድ አለ ወይ፣ ጋውኔ የሚገለጠው መቼ ነው፣ ፀጉሩን የሚላጨው ማነው፣ የሽንት ቱቦውስ የሚገባው ነቅቼ ነው ወይስ ተኝቼ። እነዚህ ጥያቄዎች ካልተጠየቁ ብዙ ጊዜ አይመለሱም። ሲጠየቁ ግን ነርሶቹ ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ፦ የሚተኙት እንደተሸፈኑ ነው፤ እግርዎ ከፍ ብሎ የሚታሰረው፣ ቱቦውም የሚገባው ከተኙ በኋላ ነው፤ ገላዎ በመድኃኒት ታጥቦ ሐኪሟ ከምትሠራበት ቦታ በቀር በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። ሴቶች ብቻ ይሁኑልኝ ማለት ይቻላል፤ የሚቻላቸውን ያደርጋሉ፤ የዕለቱ የማደንዘዣ ሐኪም ወንድ ከሆነ ደግሞ ቀድመው ይናገራሉ። ጥርስ ነክሶ የነበረ ፊት በዚህ ንግግር ሲፈታ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቤተሰብስ? ባለቤቷ የሞተባት አንዲት ሴት ከወንድ ልጇ ጋር መጣች፤ ልጁ ኮሌጅ ተማሪ ነው፣ ለእናቱ የሚሳሳ። ነርሷ ሽንት ሰጥታ እንድትመጣ ጠየቀቻት፤ የእርግዝና ምርመራ ነው፣ የወር አበባዋ ላልቆመ ሴት ብዙ ጊዜ ከኦፕራሲዮን በፊት ይደረጋል። እናትየው አንገቷን ደፋች። ልጇ ፊት «አርግዘሻል ወይ» የተባለች መስሏታል። እኔ ልጁን ማስወጣት አልችልም፣ ሥልጣኔ አይደለም፤ ግን «እንደ አስተርጓሚ ልናገር» ብዬ ለነርሷ ነገሩን አስረዳሁ። ነርሷ ልጁን በትሕትና ወደ ማረፊያው ሸኘችው። ከዚያ በኋላ እናትየው ለ3 ዓመት የደበቀችውን የደም መፍሰስ ሁሉ ተናገረች። ልጆች በአስተርጓሚነት እንዳይቆሙ የሚባለው ለትክክለኛ ትርጉም ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው።

የግርዛቱም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ ነበሩ። እዚህ ያለ ሐኪም ግን በዕድሜው ሙሉ አንድ ላያይ ይችላል። ፊቱ ድንገት ሲለወጥ ታካሚዋ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ስለዚህ ነርሷ ከምርመራው በፊት እንድትጠይቅና ለሐኪሙ እንድትነግረው አሳስባለሁ።

ብዙዎቹ ሴቶች ግን ከሐኪሙ ይልቅ የሚፈሩት እኔን ነው። ከአናንዴል እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም ቀለበት መንገዱን ዞሮ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰፈር ነን፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ፣ በእድር፣ እንጀራ በሚሸጥበት ሱቅ እንገናኛለን። «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል፤ ጥያቄው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ባቋቋሙት የፌስቱላ ሆስፒታል ከረዳት ነርሶቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች እንደሆኑ ሳነብ ቀናሁባቸው። አልጋው ላይ ተኝታ ያየች ሴት ናት እዚያ የምትሸፍነው። እኔ ግን ለታካሚዋ የአገሯ ልጅ መሆኔ ራሱ ስጋት ነው። በስልክ ሌላ ክፍለ ሀገር ያለ አስተርጓሚ ይምጣልኝ ያለች ሴት መብቷ ነው፤ ቅር አይለኝም። እንጀራ ሱቅ ውስጥ ሳያት ቀድሜ ሰላም አልልም። ካየችኝና ከሳቀች እስቃለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ማህፀናቸው ሊወጣ ነበር። ነርሷ ብረት ያለው ነገር ሁሉ ይውለቅ አለች፤ ደም ለማቆም በሚሠራው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ምክንያት ብረት ገላ ሊያቃጥል ይችላል። የአንገታቸውን መስቀል ፈተው ለልጃቸው ሰጡ። ማተቡን ግን «ከክርስትናዬ ጀምሮ ነው፣ አልፈታም» አሉ። ነርሷ ምን እንደሆነ ጠየቀች፣ እሳቸው አስረዱ፣ እኔ አደረስኩ። ነርሷ የማደንዘዣ ሐኪሙን ጠየቀችው። ክር ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ አንገት ላይ ግን ለመተንፈሻው ቱቦ አይመችም አለ። ከአንገታቸው ተፈቶ እጃቸው ላይ ታሰረ፤ በፕላስተርም ተለጠፈ። ሞቅ ያለ ብርድ ልብስ ሲደረብላቸው እንደ ጋቢ ጎትተው እስከ ግንባራቸው ተከናነቡት።

የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ጋ ቆምኩ። ሲነቁ ራስጌያቸው ነበርኩ። ዓይናቸው ሳይገለጥ ማተብ ያለበት እጃቸው በቀስታ ወረደ፤ የብርድ ልብሱን ጫፍ ፈልጎ አገኘና እግራቸው መሸፈኑን ዳሰሰ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጨረሱ?» አሉኝ።