የጣልያንኛ ኮንዲትሲዮናሌ ግሥ፦ አካሉና ቀለሞቹ

ኮንዲትሲዮናሌ በጣልያንኛ ድርጊቱ በሌላ ሁኔታ ላይ ሲንጠለጠል የሚያገለግል የግሥ መልክ ነው። «ፓርሌሬይ» ሲባል «እናገር ነበር» ማለት ነው። አማርኛ ይህን ሐሳብ «ነበር»ን አስከትሎ በሁለት ቃል ሲገልጽ፣ ጣልያንኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ የጣልያንኛውም መልክ ጥንት ሁለት ቃል ነበር። የሕዝቡን ላቲን የሚናገሩ ሰዎች የግሡን አርእስት «ነበረው» ከሚለው ግሥ የኃላፊ ጊዜ መልክ ጋር አጣመሩትና ሁለቱ በዘመን ብዛት ተዋሐዱ። «ፓርሌሬቤ» (እሱ ይናገር ነበር) በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ኤቤ»፣ «ቤ» ጠብቆ፣ ዛሬም በጣልያንኛ ለብቻው ቆሞ «ነበረው» ማለት ነው።

የቃሉ አካል እንግዲህ ሦስት ክፍል አለው፦ ግንዱ «ፓርል»፣ ከአርእስቱ የተረፈው «ኤር» እና የመደብ ቅጥያው «ኤይ»። አርእስቱ «ፓርላሬ» ቢሆንም እዚህ «አ» ወደ «ኤ» ተለውጧል። «ዳሬ»፣ «ፋሬ» እና «ስታሬ» ግን «አ»ን ይዘው «ዳሬይ»፣ «ፋሬይ»፣ «ስታሬይ» ይላሉ።

በቀለም ሲከፈል ድንበሩ ሌላ ነው፦ ፓር-ሌ-ሬይ። የግንዱ መጨረሻ «ል» ወደ ሁለተኛው ቀለም ይሻገራል፤ የአርእስቱ «ር» ደግሞ ከቅጥያው ጋር ይገጥማል። ሌሎቹ መደቦች እንዲህ ይከፈላሉ፦ ፓር-ሌ-ሬ-ስቲ፣ ፓር-ሌ-ሬብ-ቤ፣ ፓር-ሌ-ሬም-ሞ፣ ፓር-ሌ-ሬ-ስቴ፣ ፓር-ሌ-ሬብ-ቤ-ሮ። ሕጉ ግልጽ ነው። የሚጠብቅ ተነባቢ ለሁለት ይከፈላል። «ር»፣ «ል»፣ «ም» እና «ን» ሌላ ተነባቢ ሲከተላቸው ከፊተኛው ቀለም ጋር ይቀራሉ። «ስ» ግን ከሚከተለው ተነባቢ ጋር ወደ ቀጣዩ ቀለም ይሄዳል። የድምፁ ጫና በስድስቱም መደቦች ቅጥያው ላይ ያርፋል፤ በመጨረሻው መልክ «ሬብ» ላይ ስለሚወድቅ ከኋላ ሲቆጠር ሦስተኛው ቀለም ይሆናል።

ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው የሚጠብቀው «ም» ነው። ፓር-ሌ-ሬ-ሞ «እንናገራለን» ሲሆን፣ ፓር-ሌ-ሬም-ሞ «እንናገር ነበር» ነው። በፊደላችን ማጥበቅ ስለማይጻፍ ሁለቱም «ፓርሌሬሞ» ሆነው ይታያሉ። አማርኛ ተናጋሪ ግን «አለ»ን አላልቶና አጥብቆ መለየት የለመደ ጆሮ ስላለው ልዩነቱን ለመስማት አይቸገርም።

አንዳንድ ግሦች የአርእስታቸውን አናባቢ ይጥላሉ። «አንዳሬ» አን-ድሬይ፣ «ፖቴሬ» ፖ-ትሬይ፣ «ሳፔሬ» ሳ-ፕሬይ ይሆናሉ፤ በእነዚህ «ር» ከፊቱ ካለው ተነባቢ ጋር በአንድ ቀለም ይውላል። «ቮሌሬ» እና «ቬኒሬ» አንድ እርምጃ ይጨምራሉ፦ አናባቢው ከወደቀ በኋላ «ል» እና «ን» ራሳቸው «ር» ሆነው ቮር-ሬይ እና ቬር-ሬይ ይወጣሉ። በትሕትና «እፈልግ ነበር» ለማለት የሚያገለግለው ይኸው «ቮርሬይ» ነው።

የአካል ክፍፍል የቃሉን አመጣጥ፣ የቀለም ክፍፍል አነባበቡንና በመስመር መጨረሻ ላይ የሚቆረጥበትን ቦታ ያሳያል። ስለዚህ ተማሪ አስቀድሞ አርእስቱን ያግኝ፣ ቀጥሎ ቅጥያውን ይለይ፣ በመጨረሻ ጮክ ብሎ በቀለም ይክፈል። የሚጠብቀውን ድምፅ የዘለለ ሰው ግን የግሡን መልክ ራሱን ይለውጣል።