ያላለቀ ጨዋታ መግዛት፤ ዋጋ ነው ወይስ ቀብድ?

የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ገዢው ገንዘቡን ይከፍላል፤ ገና በሙከራ ላይ ያለውን ጨዋታ ይጫወታል፤ ያገኘውንም ጉድለት ለሠሪው ያመለክታል። ሠሪው በበኩሉ ወደፊት አሟልቶ እንደሚያወጣው ተስፋ ይሰጣል። ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚህ ዐይነቱ ሽያጭ ራሱን የቻለ ክፍል ከፍቶለታል። ከወር ወጪያቸው ቆጥበው፣ ገንዘብም አዋጥተው፣ «እንግዛ፣ አንግዛ» እያሉ የሚከራከሩ ተማሪዎች በመካከላችን ስላሉ ነገሩን መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

«መግዛት ይገባል» የሚሉት ወገኖች ዋና ማስረጃቸው ቀብድ ነው። ለልብስ ሰፊና ለአናጢ አስቀድመን እንከፍል የለምን? ይላሉ። ንጽጽሩ ለጊዜው ያማረ ቢመስልም አይጸናም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ሲያፈርስ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የጨዋታው ሠሪ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። መደብሩ ራሱ ጨዋታው ወደፊት ሊለወጥም ላይለወጥም እንደሚችል ገልጾ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ያላስደሰተው ገዢ ቢቆይ እንደሚሻል ያስጠነቅቃል። ገንዘብ የሚመለሰውም በጠቅላላው ደንብ መሠረት በ14 ቀን ውስጥ ለጠየቀና ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ነው። እንግዲህ የሚከፈለው ዛሬ ላለው ነገር የሚሰጥ ዋጋ ነው እንጂ ቀብድ አይደለም።

«መግዛት ሞኝነት ነው» የሚሉት ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን ምሳሌ ይጠቅሳሉ። ይህም ከልክ ያለፈ ነው። ማይንክራፍት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሳያልቅ በዝቅተኛ ዋጋ ሲሸጥ ቆይቶ በ2011 ተጠናቀቀ፤ ቀድመው የገዙትም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሙሉውን አገኙ። በአንጻሩ ስፔስቤዝ ዲኤፍ-9 በ2013 ለገበያ ቀርቦ፣ ሠሪዎቹ ካቀዱት ብዙው ሳይገባበት በዓመቱ ሥራው ቆመ። የሠሪው ድርጅት ስመ ጥር መሆን ገዢውን አላዳነውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ባልደርስ ጌት 3 ነው። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ለሙከራ ሲቀርብ ዋጋው 60 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ለገዢው የተከፈተለት ግን የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። በነሐሴ 2023 ሙሉው ሲወጣም ዋጋው ያው 60 ዶላር ሆነ። በዶላር ለሚያስብ ሰው መቸኮል በዋጋ በኩል ምንም አላተረፈለትም። በባንክ ምንዛሪ ወደ ብር ስንለውጠው ግን በ2020 2,200 ብር ያህል የነበረው በ2023 ወደ 3,300 ብር ደርሷል፤ ከሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላማ ከ6,000 ብር አልፏል። ስለዚህ ጓደኞቻችን «ፈጥነን እንግዛ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት የብሩን መድከም እንጂ የጨዋታውን መልካምነት አያስረዳም። ጨዋታው ሳያልቅ ከቀረ ከምንዛሪው ያተረፈው ሰው ምን አተረፈ ይባላል?

ክርክሩን ያደረግነው በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ስለ ነበረ ምሳሌውን ከዚያው እንወስዳለን። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ በእንጦጦ ተዳፋት 705 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። እንደዚህ ያለ ሥራ በባሕርዩ አያልቅም፤ ዛሬ የተተከለው የሐበሻ ጽድ ግርማ የሚኖረው ተካዮቹ ካረጁ በኋላ ነው። ጎብኚው ግን የመግቢያውን ዋጋ የሚከፍለው ወደፊት ለሚቆመው ደን አይደለም፤ ዛሬ ለሚሄድበት መንገድ፣ ዛሬ ለሚያየው ዛፍና ለሚተነፍሰው አየር ነው። ደኑ ቢያድግ ትርፉ ነው፤ ባያድግም ያዝናል እንጂ ተታለልሁ አይልም።

ያላለቀ ጨዋታም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባል። ዛሬ ባለበት ቢቆም ገንዘቡን ያወጣልን? ሠሪው እስከ ዛሬ በተከታታይ ምን አሻሻለ? ዋጋውስ ካለቀው ዝቅ ያለ ነውን? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አጥብቀን እናነሣለን፤ ጉድለት ፈልጎ የሚያመለክት ሰው ሠራተኛ ነውና። ሠራተኛ ደመወዝ ይቀበላል እንጂ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ አይሠራም። ሦስቱን መልሶ ያለፈውን ጨዋታ መግዛት ነውር የለበትም፤ ያላለፈውን መጠበቅ ደግሞ የሚያስቀረው ነገር የለም።

ኩኩሉን የመሰሉ የስልክ ጨዋታዎች በአዲስ አበባ ስለ ተሠሩ ጉዳዩ የገዢ ብቻ አይደለም። ነገ ከእኛ መካከል ሠሪ የሚሆን ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ሊሸጥ ቢገደድ፣ ሊሠራ ያሰበውን ከመዘርዘሩ በፊት የሠራውን ይዘርዝር። ገዢውም ዋጋ የሚቈርጠው በዚያኛው ዝርዝር ላይ ይሁን።