የባዮኬሚስትሪ ዲግሪ ዕዳና ገቢ፤ በወጪ መጋራት ስሌት ላይ የቀረበ ሂስ

ከፍተኛ ትምህርት በኢትዮጵያ ከተጀመረበት ከ1943 ዓ.ም. አንስቶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የመደበኛ ተማሪ ለትምህርቱ ገንዘብ አይጠየቅም ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥቶ፣ በአብዛኛው በማስተማር፣ ውለታውን በሥራ እንዲመልስ ያደርግ ነበር። ዕዳው በብር መቆጠር የጀመረው አዋጅ ቁጥር 351/1995ን ተከትሎ የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ በመዋሉ ነው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ፣ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይከፍላል። መምህር የሚሆን ግን ዕዳውን በአገልግሎት ማወራረድ ይችላል።

የደንቡ መነሻ ሐሳብ የሚነቀፍ አይደለም። ቡና ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ዋና የውጭ ንግድ ምርትና የመንግሥት ገቢ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የራሱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልደረሰለት የጎማ ወይም የሊሙ ገበሬ የሌላውን ልጅ ትምህርት ሙሉ ወጪ ይሸከም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚነቀፈው የዕዳውና የገቢው ሚዛን የተያዘበት መንገድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ለስሌት ያህል የአንድ ተማሪ ቀለብ በቀን 100 ብር፣ የትምህርት ዓመቱም 300 ቀን ነው ቢባል፣ የአራት ዓመት ቀለብ ብቻ 120,000 ብር ይደርሳል። ተመራቂው በወር 10,000 ብር ቢያገኝና 1,000 ብር ቢቀነስበት በ10 ዓመት ይጨርሳል። ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን ግን 600 ብር እየከፈለ ለመጨረስ 16 ዓመት ከ8 ወር ያስፈልገዋል፤ ይህም ደንቡ ከወሰነው ጊዜ ያልፋል። በ15 ዓመት እንዲጨርስ ከተፈለገ ቅናሹ ከ11 በመቶ በላይ መሆን ይኖርበታል። በሌላ አነጋገር ትንሽ የሚያገኘው ከገቢው ብዙ እጅ ይከፍላል። ከዚህም ሌላ፣ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ሲመጣ ሦስት ዓመት የነበረው የሳይንስ ዲግሪ አራት ዓመት ሆኗል። በዚህም ዕዳው በአንድ ዓመት ቀለብ ጨምሯል።

የባዮኬሚስትሪ ጉዳይ ይህን ሚዛን ይበልጥ ያዛባዋል። በአገራችን ይህ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በሕክምና ትምህርት ውስጥና በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ስለሆነ፣ ተማሪው አስቀድሞ በባዮሎጂ ወይም በኬሚስትሪ በኩል ማለፍ አለበት። በ2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የ70 በ30 ምጣኔ ተማሪውን በብዛት ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመራ፣ ተመራቂውን የሚቀበል ቤተ ሙከራ በዚያው ልክ መኖሩ አልተመዘነም። በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሉና የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የተወሰነ ባለሙያ ይቀጥራሉ። ወደ አጋሮ፣ ወደ የቡ ወይም ወደ ሊሙ ገነት ሲኬድ ግን ለሳይንስ ተመራቂ በቅርብ የሚገኘው መንግሥታዊ ሥራ በአብዛኛው ማስተማር ነው።

ይህ ሲባል ዕውቀቱ ለቡና አገር አይጠቅምም ማለት አይደለም። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲታይ፣ ገበሬውን የታደገው በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ ያወጣው ምርምር ነው፤ 74110 እና 74112 የተባሉት ዛሬም ይታወቃሉ። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ ወደ ውጭ ከሄደው የቡና ዘር መካከል፣ በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ቡና መገኘቱን በ1996 ዓ.ም. ለዓለም ያበሰሩት የብራዚል ተመራማሪዎች ናቸው። ግንዱ ከእኛ ሆኖ የኤንዛይሙን ምስጢር የፈታው ሌላ መሆኑ የባዮኬሚስትሪን ዋጋ ከማናቸውም የደመወዝ ሰንጠረዥ በላይ ያስረዳል። እሸት ቡና ተፈልፍሎ በማጠቢያ ጣቢያው ገንዳ ሲብላላም የሚካሄደው ይኸው የሕይወት ኬሚስትሪ ነው። ነገር ግን ይህ ጥቅም ወደ ገበሬውና ወደ ነጋዴው እንጂ ወደ ተመራቂው የደመወዝ ወረቀት አይገባም። ደመወዝን ብቻ የሚመዝን ስሌት ስለዚህ ዲግሪውን ያረክሰዋል፣ ዕዳውንም ያቀልለዋል።

የማይቆጠር ሌላ ወጪም አለ። የቡና ለቀማ ወራት ከትምህርት ወራት ጋር ይገጥማሉ፤ ጉልበት ያነሰው ቤተሰብ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲልክ የሁለት እጅ ለቀማ ይቀርበታል። ይህ ኪሣራ በውሉ ላይ ባይጻፍም በጎተራው ይታወቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዕዳው ያልተወራረደለት ተመራቂ ጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ ይዞ የሚወጣበት፣ ዋናው ዲግሪ የሚያዝበት ልማድ ነው። ደመወዝ የሌለው መክፈል አይችልም፤ ሙሉ ማስረጃ የሌለው ደግሞ ደመወዝ ለማግኘት ይቸገራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም፤ የበላው ቀለብ ግን ተቆጥሯል። ዕዳ አስከፋይ የተበዳሪውን ሞፈር ከያዘ፣ በሬውም ተበዳሪውም ሥራ ይፈታሉ።

እንግዲህ ሊታረም የሚገባው በአራት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ቅናሹ የሚጀምርበት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን፤ ከዚያ በታች የሚያገኝ አይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ማስረጃው ከዕዳው ይለይ፤ ዕዳው በግብር መዝገብ ሊከታተሉት ይቻላልና። ሦስተኛ፣ ለመምህር የተፈቀደው በአገልግሎት የማወራረድ መብት በቡና ወረዳዎች የጤናና የጥራት ምርመራ ቤተ ሙከራዎች ለሚያገለግሉም ይዳረስ። አራተኛ፣ የየትምህርት ክፍሉ ተመራቂዎች የት እንደተቀጠሩና ምን እንደሚያገኙ በየዓመቱ ታትሞ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰራጭ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይቀድማል። የአጋሮ የኬሚስትሪ መምህር ለጎበዝ ተማሪው «ባዮኬሚስትሪ ተማር» ብሎ ሲመክር፣ የምክሩን ዋጋ ለአሥራ አምስት ዓመት የሚከፍለው ተማሪው ነው። መካሪው ቁጥሩን ሳያውቅ እንዳይመክር ማድረግ የዕቅድ አውጪው ግዴታ ነው።