«ፀረ አሲድ» የሚለው ስያሜ ስንት መድኃኒት ይሸከማል?

የቃር ማስታገሻዎችን ሁሉ «ፀረ አሲድ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት በጤና ጽሑፎች ዘንድ ይታያል። ቃሉ አጭርና ለአፍ የሚመች በመሆኑ ባንጠላውም፣ የተሰጠው ሸክም ግን ከዐቅሙ በላይ ነው እንላለን።

«ፀር» በግዕዝ ጠላት ማለት ነው፤ «ፀረ ተባይ» ስንልም ተባዩ ካለበት ደርሶ የሚያጠፋውን እናስባለን። በዚህ ሚዛን ስሙ የሚገባቸው እንደ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ያሉት ቤዞች ብቻ ናቸው። እነዚህ በጨጓራ ውስጥ ያለውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እዚያው አግኝተው ወደ ጨውና ውሃ ይለውጡታል፤ ቃጠሎውም በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ሕዝቡ ለመርዝ «ማርከሻ» የሚል ቃል አለውና «አሲድ ማርከሻ» ቢባሉ እንመርጣለን።

ፋሞቲዲን ግን የመነጨውን አሲድ አይነካም፤ ሂስታሚን አሲድ አመንጪዎቹን ሕዋሳት የሚቀሰቅስበትን ተቀባይ ይዞ ትእዛዙን ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የቀረበው ኦሜፕራዞል ደግሞ ፖታሲየም እያስገባ ፕሮቶን ወደ ጨጓራ የሚገፋውን የሕዋሱን ፓምፕ ራሱን ያግዳል። የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ኦሜፕራዞል በጨጓራ አሲድ ስለሚበላሽ ተሸፍኖ ይሰጣል፤ ከአንጀት በደም በኩል ወደ ሕዋሱ ከደረሰ በኋላ ግን አሲድ ካላገኘ አይነቃም። የአሲድ ጠላት የተባለው ያለ አሲድ ሥራ የለውም ማለት ነው! ስለዚህም ሕዋሱ ለምግብ ሲነሣሣ ደርሶ እንዲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ሙሉ ኃይሉም የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። «ፀረ አሲድ» የሚለውን ያነበበ ሕመምተኛ ደረቱ ሲቃጠል ቢውጠውና ወዲያው ስላልተሻለው ቢተወው ስሕተቱ የእርሱ አይደለም፤ የስያሜው ነው።

«የጨጓራ መድኃኒት» የሚለው የገበያ አጠራርም አያድነንም፤ «ጨጓራ» በሕዝብ አነጋገር የአካሉም የሕመሙም ስም ነውና።

ለኦሜፕራዞልና ለወገኖቹ «የፕሮቶን ፓምፕ አጋጅ» እንላለን። «ፓምፕ»ን በአዲስ ፍጥረት ቃል መተካት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ሳይቀር የሚያውቀውን ቃል ማባረር ከንቱ ድካም ነው። ለፋሞቲዲን «የሂስታሚን ተቀባይ ከልካይ» ይበቃል፤ ርዝመቱን ግን አንወደውም። ሦስቱን በአንድነት መጥራት ሲያስፈልግ «አሲድ ቀናሽ» ይባሉ፤ «ቀናሽ» እንዴት እንደሚቀንስ አይናገርምና አያሳስትም።