ፈርዖን ሮቤ ሲመጣ

ለአርሲ ሮቤ ልጅ ፈርዖን እንግዳ ሰው አይደለም። የባሌዋን ሮቤ ማለቴ አይደለም፤ በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ በስተ ምሥራቅ፣ በስንዴና በገብስ ማሳ ተከብባ ያለችውን ሮቤ ነው። በመስጊድ የሚማረው ልጅ ፊርዐውንን ከነቢዩ ሙሳ ጋር፣ በቤተ ክርስቲያን የሚማረው ደግሞ ፈርዖንን ከሙሴ ጋር አያይዞ ፊደል ሳይቆጥር ሰምቶታል። ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት፣ እህሉን በጎተራ ያከማቸውን የዮሴፍን ብልሃት ሲሰማም ነገሩ አይርቀውም፤ ጎተራ ምን እንደሆነ፣ ዝናብ ሲቀር ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃልና።

ይህ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ የታሪክ መጽሐፉ ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች ከሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ እንግዲህ ባዶ ሜዳ አይደለም። ግብጽን በሁለት መልክ ያውቃታል። አንደኛዋ ንጉሥዋ ባሕር ውስጥ የሰጠመባት የቅዱሳት መጻሕፍት አገር ናት። ሁለተኛዋ በዜና የሚሰማት፣ ስለ አባይ ውኃ የምትከራከረው የዛሬዋ አገር ናት። የሕዳሴው ግድብ መሠረቱ በ2003 ዓ.ም. ሲጣል ይህ ልጅ ገና አልተወለደም፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ሰምቷል፣ አይቷል። በሁለቱ መልኮች መካከል ግን ሰው የለም። ያረሰ፣ የጋገረ፣ ድንጋይ የጎተተ፣ ደሞዙ ዘግይቶ ያጉረመረመ ግብጻዊ የለም። የታሪክ ትምህርት ሥራ ይህን ሰው ማምጣት ነው።

በቅርብ ዓመታት ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ይሠራዋል የሚል እምነት ተስፋፍቷል። ተማሪው ከመጽሐፍ ይልቅ በማያ ገጽ ላይ ፒራሚድ ይገነባል፣ ሬሳ ያደርቃል፣ ስሙን በግብጽ የሥዕል ፊደል ይጽፋል፣ በካርታ ላይ መርከብ ይነዳል። የዚህ ዓይነት ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ጥሩም መጥፎም አላቸው። ጥያቄዬ ግን አንድ ነው፤ ከነዚህ ሥራዎች አንዱ ሮቤ ቢደርስ ለዚያ ልጅ ምን ያመጣለታል?

የተዋጣለት ከሚባለው እንጀምር። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ የጨዋታ አምራች ድርጅት ‹‹አሳሲንስ ክሪድ፡ ኦሪጅንስ›› የሚለውን በክሊዎፓትራ ዘመን ግብጽ ላይ የተመሠረተ ጨዋታውን ካወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ግድያውንና ውጊያውን አስወግዶ ለትምህርት የሚሆን የጉብኝት ቅጂ አቀረበ። በውስጡ 75 ጉብኝቶች አሉ። ተማሪው በእስክንድርያ ጎዳና ይሄዳል፣ ፒራሚድ ውስጥ ይገባል፣ ዳቦ ሲጋገርና ቢራ ሲጠመቅ ያያል። የሥራውን ውበት መካድ ንፉግነት ነው። የብርሃኑ አጣጣል፣ የአባይ ዳር ሸምበቆው፣ የገበያው ግርግር ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል የላቀ ነው። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ደግ ነገር አለው፤ በአንዳንድ ቦታ አዘጋጆቹ እዚህ ላይ ማስረጃው ጎድሎብን ገመትን፣ እዚያ ላይ ለጨዋታው ስንል ለወጥን ብለው ይናገራሉ። የታሪክ መምህር ከዚህ የተሻለ ትሕትና አያገኝም። ከዚያው ጎን ደግሞ ርቃናቸውን ያሉ ሐውልቶች ኀፍረታቸው በዛጎል እንዲሸፈን ተደርጓል፤ ለዘመኑ ትምህርት ቤት ሲባል ጥንቱ ልብስ ለበሰ ማለት ነው።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? ተማሪው ይሄዳል፣ ያያል፣ ይሰማል፤ የሚጠይቀው ግን የለም። መንገዱ አስቀድሞ ተሰምሯል፤ ድምፁ ተቀድቷል። ይህ ነገር ለኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲተከል ያየ ያስታውሰዋል። በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በአገሪቱ ያሉ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ሰዓት አንዱን መምህር በእንግሊዝኛ ሲያዳምጡ ዋሉ። ዓላማው ክቡር ነበር፤ የገጠሩ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ እኩል እንዲማር ነበር። ነገር ግን በማያ ገጹ ላይ ያለው መምህር ‹‹ገባችሁ?›› ብሎ ዝም ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ክፍሉ ውስጥ የቆመው የሥጋና የደም መምህር በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። መብራት ሲጠፋማ ትምህርቱ ራሱ ጠፋ። ከዚያ ተሞክሮ የሚቀሰመው ነገር መሣሪያው ክፉ ነው የሚል አይደለም፤ የማይጠየቅ መሣሪያ መምህር አይሆንም የሚል ነው። አዲሱ ጉብኝት ከፕላዝማው ይልቅ እጅግ ያምራል፤ ባለመጠየቁ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የሬሳ ነገር ነው። ለሕፃናት ከተዘጋጁት ሥራዎች ብዙዎቹ አስከሬን ማድረቅን ዋና ጨዋታ አድርገውታል። አንጎልን በአፍንጫ ማውጣት፣ ሆድ ዕቃን በማሰሮ መለየት፣ በጨርቅ መጠቅለል። ልጅ ‹‹ኧረ!›› ብሎ ይስቃል፤ ትምህርቱም በዚያው ያበቃል። ውጤቱ ግብጻውያን ከመሞት በቀር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም የሚያሰኝ ነው። ከነዚህ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ደግሞ ፍላሽ በሚባለው ቴክኖሎጂ የተሠሩ ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽ ሲቋረጥ አብረው ሞተዋል። ሬሳ ማድረቅን የሚያስተምረው ጨዋታ ራሱ ሳይደርቅ በሰበሰ፤ ፓፒረሱ ግን 4,500 ዓመት ቆይቷል።

ሦስተኛው፣ ለኛ ዋነኛው፣ የደቡብ መጥፋት ነው። በነዚህ ሥራዎች ውስጥ ካርታው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አስዋን ሲደርስ ያልቃል። ውኃው ከየት እንደመጣ አይነገርም፤ ጎርፉ በየዓመቱ ‹‹ይመጣል›› ብቻ ነው። ግብጽ ከሚደርሰው የናይል ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚወርድ መሆኑን፣ ያ ጥቁር ደለልም የክረምታችን ዝናብ የጠረገው አፈር መሆኑን ሳይነግሩ ስለ ግብጽ እርሻ ማስተማር ጎተራውን አሳይቶ ማሳውን መደበቅ ነው። እዚህ ላይ ግን ራሳችንንም እንዳናታልል። የአርሲ ደጋ ውኃ ወደ አዋሽ፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅና ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል እንጂ ለአባይ አይገብርም። የሮቤው ልጅ ‹‹የኛ ዝናብ ግብጽን አበላ›› ብሎ እንዲፎክር ማድረግ የካርታውን ስሕተት በሌላ ስሕተት መተካት ነው። ይልቁንስ ካርታውን እጁ ላይ ሰጥተን የየትኛው ተራራ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ይከተል።

የፑንት ምድር ጉዳይም እንዲሁ ነው። ከ3,500 ዓመታት ገደማ በፊት ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦች ወደ ፑንት ልካ ከርቤና ዕጣን፣ ወርቅ፣ ዞጲ፣ ዝንጀሮም አስመጥታለች፤ ታሪኩ በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደስዋ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ፑንት የት እንደነበረች ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት በግብጽ የተገኙ የደረቁ ዝንጀሮዎችን አካል በኬሚካል መርምሮ የአንዳንዶቹን ትውልድ ስፍራ ዛሬ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ወደምንላቸው አገሮች አመልክቷል። በ2023 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የአንዱን ዝንጀሮ ዘረመል ተከትሎ ወደ አዱሊስ አካባቢ ጠቁሟል። ዝንጀሮ ምስክር ሆኖ የቀረበበት የታሪክ ክርክር! ከዚህ የተሻለ የክፍል ሥራ ከወዴት ይገኛል? ልጆቹን በሁለት ቡድን ከፍሎ ግድግዳውን ሥዕል፣ ካርታውንና የዝንጀሮውን ነገር ሰጥቶ ‹‹ፑንት የት ነበረች? ማስረጃህ ምንድን ነው?›› ማለት ነው። አንድ ኮምፒዩተርና አንድ መምህር ይበቃሉ።

‹‹የገጠር ልጅ መሣሪያውን መች ይችለዋል?›› የሚል አይጠፋም። ይህ ሥጋት መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ለማያውቁ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። አዘጋጆቹ እንደተናገሩት ሕፃናቱ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። እንግዲህ ጣት አይቸግርም። የሚቸግረው ጣቱ የሚነካው ነገር ነው። መዝሙር መልመድና ማስረጃ መመዘን የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛውን ልጅ ብቻውን አይማረውም።

የቋንቋው ነገርም አለ። የሮቤ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ ታሪክን በእንግሊዝኛ ይጋፈጠዋል። የጠቀስኩት ጉብኝት ደግሞ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አልተዘጋጀም፤ ጉልበት ያለው ውድ ኮምፒዩተርም ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ገዝቶ ማስገባት ሁለተኛ ፕላዝማ መትከል ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከተራው ሰው እንጀምር እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረንሳዩ ተመራማሪ ፒየር ታሌ የመራው ቡድን በቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አል ጃርፍ በተባለ ስፍራ፣ እስካሁን ከተገኙት ጽሑፍ ያለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ የሚቀድሙትን አገኘ። ከውስጣቸው የአንድ አለቃ የሥራ መዝገብ አለ፤ ስሙ መረር ነው። መረር ከሠራተኞቹ ጋር ከቱራ የድንጋይ ካባ ለታላቁ ፒራሚድ የሚሆን የኖራ ድንጋይ በጀልባ እየጫነ ወደ ጊዛ ያመላለሰ ሰው ነው። ዛሬ ጫንን፣ ዛሬ አደርን፣ ዛሬ አራገፍን እያለ የዕለት ተግባሩን መዝግቧል። 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ የተቆለለበት፣ ሲሠራ 146 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው ሕንፃ በዚህ መዝገብ በኩል ሲታይ ተአምር መሆኑ ይቀርና ሥራ ይሆናል። ተማሪው መዝገቡን በቋንቋው አንብቦ በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ላይ ቀኑን፣ ጉዞውንና ጭነቱን ቢሞላ፣ ጀልባዋ በወር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ቢያሰላ፣ ‹‹ባሪያዎች ገነቡት›› የሚለውን የለመደውን አባባል ራሱ ይጠይቀዋል። ከዚያ ወደ ሌላው ሰነድ ይሻገር፤ በሦስተኛው ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት የንጉሣውያኑን መቃብር የሚሠሩ የዴር ኤል መዲና ባለሙያዎች በእህል የሚከፈላቸው ደሞዝ ቢዘገይባቸው ሥራ አቁመው ቤተ መቅደስ አጠገብ ተቀመጡ። በጽሑፍ ከቆዩልን የሥራ ማቆም አድማዎች ቀዳሚው ይህ ነው። ደሞዝ መዘግየት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ለመምህሩ ተጨማሪ ምስል የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሌላው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያለው ነው። የጥንት ግብጻውያን ዓመት 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና በመጨረሻ የሚጨመሩ 5 ቀናት ነበሩት። የኛ ዓመት አቆጣጠር በእስክንድርያ በኩል ከዚያ የወረደ ነው፤ ጳጉሜ የፈርዖኖቹ ርዝራዥ ናት። ልጁ የግብጽን ሦስት ወቅቶች፣ የጎርፉን፣ የቡቃያውንና የአዝመራውን፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ካለው የሮቤ የእርሻ ሥራ ጎን ለጎን ቢደረድር፣ የት እንደሚገጥምና የት እንደሚለያይ ቢያይ፣ ውጭ አገር የተሠራ ማንኛውም ጨዋታ የማይሰጠውን ያገኛል። ስንዴውም ይናገራል። ግብጻውያን ዋና እህላቸው ያደረጉት፣ ገለባው ከፍሬው በቀላሉ የማይላቀቀው ጥንታዊ የስንዴ ዘር በኢትዮጵያ ደጋ እስካሁን አልጠፋም። የገብስ መጠጥ ምን እንደሆነም ጠላም ፋርሶም ለሚጠመቅበት አገር ልጅ አይነገረውም።

ይህን ሁሉ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው የአንድ ትልቅ ድርጅት ገንዘብ አይደለም። የመረርን መዝገብ፣ የአድማውን ሰነድ፣ የፑንትን ሥዕልና የውኃ ተፋሰስ ካርታውን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን መልሶ፣ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ቀላል ቅርጽ፣ መብራት ሲጠፋ በወረቀት ታትሞ እንዲሠራ አድርጎ፣ ከመምህሩ ጥያቄዎች ጋር ማሰናዳት ነው። የአሰላውም ሆነ የሌላው ከተማ መምህራን ተሰብስበው በአንድ የእረፍት ወቅት ሊሞክሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሊያየው የሚገባ ነው።

ይህ የሚያጣድፈን ለምን እንደሆነ መሸሸግ አያስፈልግም። ዛሬ በዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጅ ነገ ስለ አባይ የሚወያይ፣ የሚዳኝ፣ የሚጽፍ ዜጋ ነው። ግብጽ ለሱ የሰጠመ ንጉሥና የተቆጣ ቃል አቀባይ ብቻ ሆና ከቀረች በውይይቱ ላይ ሰው አያይም። መረርን ያወቀ ልጅ ግን ከወንዙ ማዶ ጭነት የሚጭን፣ ቀኑን የሚቆጥር፣ ደሞዙን የሚጠብቅ ሰው እንደነበረና እንዳለ ያውቃል፤ የአገሩን ጥቅም ሲከራከርም ከማን ጋር እንደሚከራከር አውቆ ይናገራል።